ለጊዜው ይሥራልኝ

ባንቺአየሁ ያንን ላፕቶፕ በነጠላዋ ጠቅልላ ጎንደር ፒያሳ ካለው የከማሉዲን ጥገና ሱቅ የገባች ዕለት፣ ጠጋኙ ሀዳነ ከሥራው ቀና ብሎ ያየው ላፕቶፑን አልነበረም። እሷ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አኑራ፣ «አዲስ አድርግልኝ አልልህም ወንድሜ፤ ለጊዜው ይሥራልኝ እንጂ» አለችው።

ከፍቶ አየው። ያረጀ ማሽን ነው፤ ሲነሳ ያቃስታል፣ ከተነሳም በኋላ ያንቀላፋል። ዊንዶውስ ሰቨን ላይ ቆሞ የቀረ ስለሆነ የዘመኑ ፕሮግራም ሁሉ ፊቱን አዙሮበታል። መድኃኒቱ ግልጽ ነበር። ሚሞሪ መጨመር፣ ፋይሎቿን ወደ ፍላሽ ማውጣት፣ ከዚያ ዊንዶውስ ቴን መጫን። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሀዳነ ግን «ነገ ነይ» አላት።

እንዲያው ቶሎ አትፍረዱበት። ሀዳነ ከደባርቅ ወርዶ ጎንደር ከገባ ጀምሮ ሴት ፊት ምላሱ የሚተሳሰር ዓይን አፋር ነው፤ የሚያውቀው ማባበያ ቢኖር ጥገና ብቻ ነበር። በማግስቱ ስትመጣ የጠፋውን ድምፅ መለሰላት። ሌላ ቀን የኪቦርዱን ፊደሎች ጠረገላት፤ ድምፁ ዳግመኛ ጠፋ ብላ ስትመጣም መለሰላት። ዋናውን ሥራ ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለ አቆየው። ከማሉዲን ጢሙን እየዳሰሰ፣ በሽተኛው ላፕቶፑ ነው ወይስ ሐኪሙ እያለ ይነዘንዘው ነበር።

የባንቺአየሁ ቤተሰብ እስራኤል ለመሄድ የሚጠብቅ ቤተሰብ ነው። እሷ ገና በእናቷ ጀርባ ታዝላ ሳለች ከድብ ባሕር ወዲያ ያለውን መሬታቸውን ጥለው ጎንደር ገቡ፤ ከምኩራቡ ጀርባም ቤት ተከራዩ። ከነገ ዛሬ እንሄዳለን ሲሉ ልጅቷ አደገች፣ ኮሌጅ ጨረሰች፣ አባቷም እንደጠበቁ ተቀበሩ። በዚያ ቤት ቁም ሣጥን አይገዛም፤ ልብስ የሚያድረው ሻንጣ ውስጥ ነው። ደጃፉ ላይ ጌሾ እንኳ አይተከልም፤ ማን ሊቀጥፈው? ቀድሞ የሄደው አጎቷ የላከው ላፕቶፕ ሲያረጅም ሌላ እንግዛ ያለ አልነበረም። አዲስ ዕቃ መግዛት እዚሁ እንቀራለን ብሎ ማመን ነበር። ባንቺአየሁ ዕብራይስጥ የምትማረውም በዚያው በሚያቃስት ማሽን ነው።

ሱቁ ሲዘጋ አብረው ቁልቁል መውረድ ለመዱ። እሷ በመንገድ ላይ ዕብራይስጥ ታስተምረዋለች። ሀዳነ የሰላምታውንና የምስጋናውን ቃል ቶሎ ያዘ፤ የስንብቱን ግን ብትደጋግምለትም ጆሮው አልይዝ አለ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንዲሉ፣ አንድ የበዓል ቀን ጠላ ቀምሶ ለከማሉዲን ሁሉንም ነገረው። ከማሉዲንም የልጅቱ እናት ዘንድ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ሊሄድለት ቃል ገባ። ሀዳነ ይህን የምሥራች ይዞ ወደ ባንቺአየሁ ሄደ። እሷ መንገዱ መሐል ቆመች።

«ሽማግሌ እንዳትልክ።»

«ምነው? አልሆንሽም?»

«ያገባ ሰው ከቤተሰቡ የጉዞ ፋይል ይወጣል፣ ሀዳነ። የጎረቤታችን ልጅ፣ ብሌን፣ ባል አገባች፤ እናቷ ያለ እሷ ሄዱ። እዚያ ሲሞቱ ከልጆቻቸው ያልቀበረቻቸው እሷ ብቻ ናት።»

«እንግዲያው አብረን እንሂድ።»

«አንተን ምኔ ነው ብዬ?»

እሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እናቷ እግራቸውን ታመው ከቤት እንደማይወጡ፣ ታናሽ ወንድሟ አበራ ገና ልጅ እንደሆነ፣ የሚሄዱበትን አገር ቋንቋ የያዘችው እሷ ብቻ እንደሆነች ነገረችው። ጥላቸው ብትቀር እነሱም አይሄዱም፤ ያን ሁሉ ዘመን የጠበቁት ለእሷ ትዳር ሲባል ይቀራል። ሀዳነ ይህን ሁሉ ሰምቶ አንድም ስሕተት አላገኘበትም። ይበልጥ የጎዳውም እሱ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ከእስራኤል በኩል የቃለ መጠይቅ ቀን ተቆረጠላቸው። ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ነው፤ ቤተሰቡ አንድ ላይ ተቀምጦ መታየት አለበት። አሮጌው ሲስተም ግን ፕሮግራሙን አልቀበልም አለ። ሱቅ ውስጥ ያሉት ላፕቶፖች የደንበኛ ናቸው፤ የአንዱን ዕቃ ለሌላ ማዋስ ከማሉዲን የማይምረው ነገር ነው። ስለዚህ የቆየው ሥራ አሁን የግድ ሆነ።

ሀዳነ «ይህ ማሽን አይችልም» ቢላት ታምነው ነበር። ቀኑም ያልፍ ነበር፤ ሌላ ቀን እስኪቆረጥ ደግሞ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ማን ያውቃል። ሐሳቡ መጣበት፣ አብሮት አደረ፣ አብሮት ቁርስ በላ። ሱቅ ሲደርስ ግን እሷ ቀድማው በሩ ላይ ቆማ ነበር። መፍቻውን አነሳ።

ሚሞሪውን ጨመረ፤ ፍላሹን ሰካ። ጎን ለጎን ተቀምጠው አዲሱ ሲስተም ሲጫን፣ ቁጥሩ እያዘገመ ሲወጣ አዩ።

«ይህን በመጀመሪያው ቀን ልትሠራው ትችል ነበር» አለችው፣ ዐይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

ፊቱ ጋለ። «ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል። ድምፁ ዳግመኛ የጠፋውስ በራሱ መሰለህ?»

ሁለቱም ሳቁ። እጇን እጁ አጠገብ አኖረች፤ አልነካችውም።

«እጠብቅሻለሁ» አላት።

«አትጠብቀኝ። መጠበቅ ሰውን ምን እንደሚያደርገው እኛ ቤት አይተሃል።»

ማሽኑ ጠፍቶ ተነሳ። አላቃሰተም። ሀዳነ ሥራው ስላማረለት ያዘነው ያን ቀን ብቻ ነው።

የቃለ መጠይቁ ዕለት ሁሉን ነገር እንዲያገናኝ ቤታቸው ጠሩት። እናቷ ወይዘሮ ደጊቱ ነጭ ለብሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ «ሸጋ ልጅ፣ እግዜር ይስጥልን» ብለው መረቁት። ባንቺአየሁ በቀኛቸው፣ አበራ በግራቸው ሆኑ። ስክሪኑ ላይ የሰዎቹ ፊት እንደታየ ማሽኑ ብልጭ ድርግም አለ። የቻርጀሩ መሰኪያ ላልቶ ነው፤ ባትሪው ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ገመዱ በእጅ ተደግፎ ካልተያዘ ይጠፋል። ለመበየድ ጊዜ የለም። ሀዳነ ካሜራው ከማያየው ከስክሪኑ ጀርባ መሬት ላይ ተቀመጠና ገመዱን በሁለት ጣቱ ደግፎ ያዘ።

እሱ የሚያየው ሦስቱን ፊት ብቻ ነበር። የአስተርጓሚው ድምፅ ስማቸውን፣ መንደራቸውን፣ አባት የት እንደተቀበሩ ጠየቀ። ከዚያ ወደ ባንቺአየሁ ዞረ።

«አግብተሻል?»

«አላገባሁም።»

«ልታገቢው ያሰብሽው ሰውስ አለ?»

ዐይኗን ከስክሪኑ በላይ አነሳች። ሀዳነ ያያት ነበር። ሁለት ጣቶቹን ቢያላላ ማሽኑ ይጠፋል፤ ጥያቄውም ሳይመለስ ይቀራል። እሷም ይህን ታውቃለች፤ መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ ፊቱን ተመለከተች። ቸኩዪ አላላትም፣ ቆዪም አላላትም።

«የለም» አለች።

«ማንም?»

«ማንም የለም።»

የቀረው ጥያቄ የወይዘሮ ደጊቱ ነበር። እሳቸው ደግሞ ስለ አያት ቅድመ አያታቸው ሲጠየቁ አንዱንም ሳይዘሉ ረጋ ብለው ነው የሚተርኩት። የሀዳነ ክንድ ዛለ፣ ጣቶቹም ደነዘዙ። ገመዱን ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቀም።