ጣውላውን ያለፈ

በ1974 ዓ.ም. ናዝሬት ውስጥ የስፖርት መምህር ነበርኩ። ከአዋሽ ዳር አሸዋ አስጭነን የርዝመት ዝላይ ጉድጓድ ሠራን፤ ለመነሻ የሚሆነውን ጣውላም ከባቡር ጣቢያ ለምነን አምጥተን መሬት ውስጥ ቀበርነው። ደንቡን ግን በስቴንስል ከተባዛች አንዲት ወረቀት በቀር የነገረን አልነበረም። «ጣውላውን ያለፈ ዘላይ ሙከራው አይቆጠርለትም» ትላለች። እኔም ጣውላውን ሳይረግጥ የዘለለውን ሁሉ «አልፈሃል» እያልኩ ስሰርዝ ኖርኩ። ሳይረግጡ መዝለል ማለፍ አይደለም እንዴ? ደግሞስ ማን ይከራከረኛል! ፊሽካው ያለው እኔ አንገት ላይ ነው።

ጫልቱ ከአቦምሳ መጥታ አክስቷ ቤት ተጠግታ የምትማር የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ስትናገር ኦሮምኛው ከአማርኛው እየተቀላቀለባት ልጆቹ ስለሚስቁባት ብቻዋን ነበር የምትውለው። በእረፍት ሰዓት ብቻዋን ሮጣ ትዘላለች፤ ብቻዋን አሸዋውን ደልድላ እንደገና ትዘላለች። አባቷ ለክፍለ ሀገር ውድድር ከተመረጠች እንድትማር፣ ካልተመረጠች ግን ተመልሳ ለጠየቃት ሰው እንድትዳር ወስኖባታል። ይህን ራሷ ነግራኛለች። አልረሳሁትም ነበር።

የምርጫው ዕለት ሦስት ጊዜ ዘለለች። ሦስቱንም ጊዜ የተነሳችው ጣውላው ጋ ከመድረሷ አንድ ስንዝር ያህል ቀደም ብላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሰረዝኩባት፤ በሦስተኛው ከሁሉም ርቃ አረፈች።

«አልፈሻል! አይቆጠርም!» አልኩ።

«ኧረ አላለፍኩም ጋሼ! ጣውላው ጋ መች ደረስኩ?»

«ሳትረግጪው አይደል የዘለልሽው? ይኸው፣ ‹ያለፈ› ይላል።»

የሒሳብ መምህሩ ሙሉአለም ሜትሩን እንደያዘ ጠጋ ብሎ፣ «ለማንኛውም እንለካውና አዲስ አበባ ደውለን እንጠይቅ» አለኝ በጆሮዬ።

«ተማሪ ፊት አስተማሪ ይጠይቃል እንዴ? ደልድሉት!»

አሸዋው ተደለደለ። ጫልቱ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ማንም ሳይከተላት ሜዳውን አቋርጣ ወጣች። ሰኞ ወንበሯ ባዶ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሞጆ ላይ የዳኞች ሥልጠና ተሰጠ። ያቺን ወረቀት አውጥቼ፣ እንዴት እንደምዳኝበት በኩራት አስረዳሁ። አሠልጣኛችን ጓድ ተሻለች ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«‹ያለፈ› ማለት እኮ እግሩ ከጣውላው ወዲያ የረገጠ ማለት ነው! ወዲህ ሆኖ የተነሳማ ይቆጠርለታል። ልኬቱ የሚጀምረው በአሸዋው በኩል ካለው የጣውላው ጠርዝ ስለሆነ የሚጎዳው ራሱን ነው፤ ወዲህ የተወውን ያህል ያጣል።»

ሠልጣኙ ሁሉ ሳቀ። እኔ ወረቀቷን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

በዚያው ሳምንት አቦምሳ ሄድኩ። ጫልቱን ልጅ አዝላ በሯ ላይ አገኘኋት። «አካም ጅርቱ፣ ጋሼ!» ብላ ሮጣ መጥታ እጄን ሳመችኝ። ይኼ ይበልጥ አንገበገበኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጫልቱ። አላለፍሽም ነበር። ዝላይሽ ይቆጠር ነበር» አልኳት።

ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈች።

«ስንት ነበር?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ሦስተኛው።»

አልለካሁትም። ሜትሩ አጠገቤ ነበር፣ አልለካሁትም።

ከዚያ ወዲህ ያልገባኝ ነገር ሲገጥመኝ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ፣ «ይህን አላውቅም፣ እንጠይቅ» እላለሁ። መጀመሪያ ቀን ይስቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የሳቀብኝ ግን አንድም ልጅ አልነበረም። እናንተም በሰው ዕድል ላይ የምትፈርዱ ሁሉ፣ ያልገባችሁ አንዲት ቃል ብትኖር ጠይቁ። ለመጠየቅ ካፈራችሁ ደግሞ ቢያንስ አሸዋው ሳይደለደል ለኩ። እኔ ማታ ማታ ሜዳው ሰው ሲያጣ ጉድጓዱ አጠገብ እቆማለሁ፤ ለጫልቱ የምነግራት ቁጥር ግን የለኝም።