የጀማሉ ትንሽ ባሕር

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም... ግን ሆኗል።

የሆነው በ1977 ዓ.ም.፣ በሚያዝያ ወር፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ነው። ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ሶቁ፣ ማለት ገበያው፣ ተዘግቶ፣ ውሻው ሳይቀር ጥላ ፈልጎ በሚጋደምበት ሰዓት። የአገሬ ሰው የቀትር ጋኔን የሚለው ለካ ይህን ሰዓት ኖሯል።

የነገረችኝ በዓይኗ ያየችው ሴት ናት። አሰጋሽ ትባላለች። ስትነግረኝ ድምጿ ከፍም ዝቅም አላለ። ስለ ትናንት ገበያ የምታወራ ነበር የምትመስለው።

አሰጋሽ የበለሳ ሰው ናት። በዚያ ክፉ ዘመን ከባሏ ከወልደ ማርያምና ከአራት ዓመት ልጇ ከማሬ ጋር በእግሯ ወደ ሱዳን ተሰደደች። ማሬ ውሃ ውሃ እንዳለች መንገድ ላይ ቀረች። ወልደ ማርያም የስደተኞች መጠለያው ድረስ ደርሶ ነበር፤ ተቅማጥ ያዘውና በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ከዚያ ወዲያ አሰጋሽ እንዳዘዟት ነበር የምትኖረው። ብዪ ሲሏት ትበላለች። ተነሽ ሲሏት ትነሣለች።

ከተማ ገብታ ሥራ ያገኘችው ጀማሉ ከሚባል ነጋዴ ቤት ነው። ጀማሉ ተወልዶ ያደገው ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር ነው። ገዳሪፍ ሱቅም፣ አንድ ሎሪም ነበረው። ሎሪዋ ከፖርት ሱዳን ወደብ የእርዳታ ማሽላ እየጫነች ትመላለሳለች። ሚስቱ ራሒማ ዝምተኛ ናት። ሁለት ወልዳ ሁለቱም አላደጉላትም።

ጀማሉ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ፖርት ሱዳን፣ አንድ የመርከብ ወኪል ቤት ያየው ነገር ልቡን ሰርቆታል። በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ባሕር! ድንጋዩ፣ አሸዋው፣ ቢጫና ሰማያዊው ዓሣ... ሁሉም ሳሎን ውስጥ። እኔም ቤት ይግባ አለ።

ራሒማ አንድ ጊዜ ብቻ ተቃወመችው። ሰው በውሃ ጥም በሚሞትበት ዘመን ውሃን ለዓይን ማስቀመጥ ግፍ ነው አለችው። ሁለተኛ አላነሣችውም።

መስታወቱን ሶቅ ውስጥ መስኮት ከሚሠራ ሰው አስገጠመ። ርዝመቱ አንድ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው። አጭር የብረት ጠረጴዛ ላይ አቆመውና ነጭ አሸዋ አለበሰው። ሎሪዋ ስትመለስ ስድስት ጀሪካን የባሕር ውሃ አመጣች። ከውሃው ጋር በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ድንጋይ መጣ። ቀዳዳው ብዙ ነው። ጆንያውን ሲፈቱት ቤቱ በባሕር ሽታ ተሞላ።

ጀማሉ ድንጋዩን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ነበር የሚያነሣው። ይሄ ድንጋይ ሕይወት አለው አላት አሰጋሽን። ዓሣ የሚገባው ከወር በኋላ፣ ውሃውና ድንጋዩ ሲላመዱ ነው። እስከዚያ ድረስ በሎሪ ባትሪ የምትሠራ ትንሽ መሣሪያ አየር እየነፋች ውሃውን ቡልቅ ቡልቅ ታደርገዋለች።

የአሰጋሽ ሥራ ቀላል ነበር። በየቀኑ በሰባት ሰዓት፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ እንዳይፈላ ከላይና ከኋላ እርጥብ ጨርቅ ታለብሰዋለች። ከዚያ ፊቱ ላይ በቀይ ቀለም እስከተሠመረው መስመር ድረስ የጎደለውን ትሞላለች። የምትሞላው ግን በባሕር ውሃ አይደለም፤ በሚጠጣ ውሃ ነው።

ለምን እንደሆነ ጠየቀችው።

"ፀሐይ የምትወስደው ውሃውን ብቻ ነው" አላት። "ጨው አይሄድም። ጨው ባለበት ይቀራል።"

የመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጣሳ ይበቃ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ጣሳ ሆነ።

ጀማሉ ሙቀቱ ነው አለ።

ከድንጋዩ ቀዳዳ ማንም ያላስገባው ነገር መውጣት ጀመረ። ጥፍር የምታህል ሸርጣን ወጣች። ክር የመሰለ ትል ወጣ። አሰጋሽ ስትነግረው ጀማሉ ደስ አለው። ድንጋዩ ውስጥ ተደብቀው አብረው የመጡ ናቸው አላት።

"ሌላስ ምን ይዞ ይመጣል?" አለችው።

"አላህ ያውቃል።"

በሦስተኛው ሳምንት ግማሽ ጀሪካን ፈጀ።

መጀመሪያ ያየችው ያን ቀን ነው...

በመስታወቱ ፊት፣ በውጭ በኩል፣ አንድ ነጭ ነገር ታትሟል። ክብ ነው፤ መሐሉ ክፍት ነው። ሰው አፉን መስታወት ላይ ለጥፎ ሲያነሣ የሚቀረው ዓይነት።

የከንፈር ቅርጽ ነበር።

በጣቷ ነካችው። ደረቅ ጨው ነው። በጨርቅ ጠረገችውና ወደ ሥራዋ ሄደች።

በማግስቱ ሦስት ሆኑ። ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተወችው።

ትልልቅ አፍ አለ። ጥርሱ ያለቀ፣ ወደ ውስጥ የተሰበሰበ የሽማግሌ አፍ አለ። ከበታቻቸው ደግሞ፣ አሸዋው አጠገብ... ትንንሾች አሉ።

እኔ አላስቻለኝም፤ አልፈራሽም ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

"የሚፈራ እኮ የሚያጣው ያለው ሰው ነው" አለችኝ።

ትልልቆቹን በየቀኑ ትጠርጋለች። ትንንሾቹን ግን መጥረግ ተወች። ለምን እንደሆነ ራሷንም አልጠየቀች። አንድ ቀን አንዷን በአውራ ጣቷ ለካቻት። ልኳ የጣቷን ጥፍር ያህል ነበር።

እንዲህ እያለ በአህያ ጋሪ ውሃ የሚያመጣው ሰው በቀን ሁለት ጊዜ መምጣት ጀመረ። ጀማሉ ይህን ሲያይ አሰጋሽን ጠራት። አልተቆጣም። ወገኖችሽ መጠለያ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ አላት፤ ውሃውን ለእነሱ እያወጣሽ እንደሆነ ንገሪኝ አላት። ብትዋሸው ግን እዚህ ቤት መቆየት እንደማትችል፣ ወደ መጠለያው እንደምትመለስ ነገራት።

መጠለያ ማለት ምን እንደሆነ አሰጋሽ ታውቃለች። ያም ሆኖ አልማለችም፣ አልለመነችም። ነገ በሰባት ሰዓት መጥተው ይዩት አለችው።

መጣ።

ራሒማ በማዶው ክፍል ተኝታለች። ጀማሉ ወንበር ስቦ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ተቀመጠ። አሰጋሽ ከበሩ አጠገብ ቆመች። ውሃው ቀዩ መስመር ላይ ነው፤ አሁን ነው የሞላችው። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ሳህን ሙሉ የሚጠጣ ውሃ አስቀምጣለች።

ቡልቅ... ቡልቅ... ቡልቅ...

መሣሪያዋ ቀጥ አለች።

"ባትሪው ነው?" አለ ጀማሉ በሹክሹክታ።

"አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ሲመጡ ትቆማለች።"

"እነማን?"

በአገጯ ወደ መስታወቱ አመለከተችው።

ውሃው ከመስመሩ ወረደ። አንድ ጣት... ሁለት ጣት... ወለሉ ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም። ከዚያ ድምፁ መጣ። ሰው ጥድፍ ጥድፍ እያለ ሲጎነጭ ጉሮሮው የሚያሰማው ድምፅ ነው። አንድ ጉሮሮ ብቻ አልነበረም።

መስታወቱ ላይ አንድ ነጭ ክብ ብቅ አለ። ከጎኑ ሌላ። ከሥሩ ሌላ... ተራ የሚጠብቅ ሰው እንደሚተካካ፣ አንዱ ደርቆ ሳያበቃ ሌላው ይተካል።

የጀማሉ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ቁርኣን እየቀራ ነበር።

"ምን ይፈልጋሉ?" አለ በመጨረሻ።

"ጠምቷቸዋል።"

"ይሄ እኮ ጨው ነው... ጨው አይጠጣም።"

"ለዚያ ነው ጥማቸው የማይቆርጥ።"

በጣቱ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ሳህን አሳያት።

"ያንን ለምን አይጠጡም?"

"አራት ቀን አስቀመጥኩላቸው። አልነኩትም" አለችው። "ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅ።"

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጀማሉ ውሃውን በገዛ እጁ እየቀዳ ጓሮ ደፋው። ማንንም አላስጠጋም። በነጋታው ጠዋት ድንጋዩን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለ፣ ሎሪዋ ላይ ጫነ፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠና ወደ ፖርት ሱዳን ሄደ። ከወጣበት ባሕር እመልሰዋለሁ ብሎ ነው። አሰጋሽን እንድትሄድ አልነገራትም። መስታወቱን አጥበሽ ፀሐይ ላይ አውጪው አላት፤ በዚያው ወጣ።

አጥባ አወጣችው።

ሁለት ቀን ምንም አልሆነም። ሰባት ሰዓት ሲሆን አሰጋሽ ወደ ግቢው ወጥታ ባዶውን መስታወት ታያለች። ጠርቷል። አንድ ነጥብ እንኳ የለበትም። የሆነ ነገር ቅር ሲላት ተሰማት። ከስንት ወር በኋላ የተሰማት ነገር ያ ብቻ ነበር።

ራሒማ ግን ከባሏ ሁሉንም ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ ታለቅሳለች። ድምፅ አታወጣም፣ ሥራም አትፈታም። ማሽላ ስትለቅም እንባዋ ይወርዳል። ልብስ ስታጥፍ ይወርዳል። አሰጋሽ ከፊት ለፊቷ ተቀምጣ ታያታለች። ሰው ከየት አምጥቶ ያን ያህል ያለቅሳል ብላ አሰበች። የራሷን ዓይን ብትነካው እንደ ጠጠር ደረቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሙቀቱ ባሰ። ነፋሱ የምድጃ አፍ ላይ የቆሙ ያስመስላል። አሰጋሽ ጀሪካን አንጠልጥላ በራሒማ ክፍል በኩል ስታልፍ በሩ ገርበብ ብሎ አየችው።

ወደ ውስጥ አየች።

ራሒማ በገመድ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። ፊቷ ነጭ ነው። መጀመሪያ ዱቄት መሰላት።

ቀረብ አለች...

ጨው ነበር። በጉንጮቿ፣ በአንገቷ፣ በዓይኖቿ ቆብ ላይ... ከንፈር በከንፈር ላይ ተደራርቦ። ትልልቅም አለ። የሚበዛው ግን ትንንሹ ነው። የራሒማ የራሷ ከንፈር ብዙ ቀን በረሃ እንደ ተጓዘ ሰው ተሰነጣጥቋል።

"እትዬ" አለች አሰጋሽ ቀስ ብላ። "እትዬ ራሒማ... ውሃ ላምጣልዎት?"

ራሒማ ዓይኗን አልገለጠችም። እጇን አነሣችና አየሩን ደባበሰችው። የልጅ ራስ እንደሚዳስስ ሰው... ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ።

"ቀስ..." አለች። "አትጋፉ... ለሁላችሁም ይደርሳል።"

አሰጋሽ አልጮኸችም። ሰው አልጠራችም። ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠች፣ በሩን ከውስጥ ዘጋች፣ ነጠላዋን ከራሷ አወረደች። ከአልጋው እግር ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ጋደም አለች።

ጠበቀች።

ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ ትንሽ፣ ቀዝቃዛ ነገር መጥቶ የግራ ዓይኗ ላይ አረፈ።

ትንሽ ቆየ...

ከዚያ ወደ ቀኙ ዓይኗ ተሻገረ። እዚያም ትንሽ ቆየ።

እንባ አላገኘም መሰለኝ... ተነሥቶ ወደ ራሒማ ሄደ።