የሲስተር ፈጠነች መልቀቂያ

ሶዶ ያለው ክሊኒክ ኃላፊ ጋሽ ባዳቾ ዓርብ ጠዋት፣ ወባ ጥሏቸው እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ በተኙበት አልጋ ላይ ሞተው ተገኙ። ክንዳቸው ላይ አዲስ የመርፌ ቀዳዳ አለ። ሲስተር ፈጠነች አስከሬኑን ስታይ መጀመሪያ ትዝ ያላት ያልፈረሙላት የሥራ መልቀቂያዋ ነበር፤ በራሷ አፈረች።

ለዚያች ወረቀት ሁለት ወር ተመላልሳለች። ነርሶችን በየሦስት ወሩ ከወረዳ ወረዳ እያዘዋወረ የሚያሠራ ድርጅት ቀጥሯታል። የመጀመሪያ ምድቧ ጂንካ ነው፤ ሰኞ ካልተገኘች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ለመልቀቂያው የሥራ ልምድ ማስረጃ ቀድሞ ከሠራችበት ከአረካ አምጪ ተባለች፤ ሁለት ጊዜ ሄዳ አመጣች። ባዳቾ ግን «ቆይ» ከማለት በቀር ምክንያት አልነገሯትም። ሐሙስ ዕለት በሰው ፊት ጮኻባቸዋለች።

ኢንስፔክተር ማርያማዊት ይህን ሁሉ ሰምታ ነው ያስጠራቻት።

«ዛሬ በማለዳ የገባችሁ ሦስት ናችሁ፤ አንቺ፣ የፋርማሲው ጉልላትና የመዝገብ ቤቱ ዳልጮ። ዳልጮ ደግሞ ‹መርፌ የምትወጋው እሷ ናት› ይላል።»

«እንግዲህ እሰሩኝ። ጂንካም ይቅርብኝ።»

ኢንስፔክተሯ አንድ የኢንሱሊን ጠርሙስ ሰጠቻትና ፍሪጅ ውስጥ እንድታስቀምጥላት ላከቻት። ቀጥሎ ጉልላትን፣ ከዚያ ዳልጮን ለየብቻ እንዲሁ ላከች። ጉልላት ሰው ሞቶ ዕቃ ታመላልሰናለች ብሎ አጉረመረመ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ካርድ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። ትናንት የተከፈተው ኢንሱሊናቸው ዛሬ ሊያልቅ ደርሷል፤ ተኝተው ሳለ ከልክ በላይ ተወግተዋል። ወጊው ከራስጌያቸው ያነሣውን ጠርሙስ ያልተነካ ለማስመሰል ፍሪጅ ከተተው። እኔ ያገኘሁት ግን ከላይ፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ ነው። ሲስተር፣ እዚያ ይቀመጣል?»

«በረዶ ከነካውማ ይጣላል። ተማሪ እንኳ ያውቀዋል።»

«አንቺም ጉልላትም መደርደሪያው ላይ አስቀመጣችሁ። በረዶ ቤት የከተተው ዳልጮ ብቻ ነው።»

ዳልጮ ሳቅ ለማለት ሞከረ። «መድኃኒት ሲቀዘቅዝ አይበላሽም ብዬ ነዋ።»

«ጠዋትም እንደዚያው አሰብክ። ሲወጉ በየቀኑ አጠገባቸው እየቆምክ አይተሃል፤ ፍሪጁ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ግን አላየህም።» ከሟቹ መሳቢያ ያገኘችውን ፋይል ከፈተች። ፈጠነችን ለቀጠረው ድርጅት ለሚያመለክቱ፣ ነርስ ላልሆኑ ሰዎች የተሸጡ የልምድ ማስረጃዎች ናቸው። ሁሉም የክሊኒኩ ማኅተምና በዳልጮ እጅ የተጻፈ የወጪ ደብዳቤ ቁጥር አላቸው። «ባዳቾ መልቀቂያ መፈረም ያቆሙት ማኅተሙን ማን እንደሚሰርቅ እስኪለዩ ነበር። ትናንት ለዩት።»

«ለፖሊስ እሰጥሃለሁ አሉኝ» አለ ዳልጮ ወለሉን እያየ። «የልጅ አባት ነኝ ብዬ ለመንኳቸው።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ኢንስፔክተሯ ከፋይሉ አንድ ወረቀት ለፈጠነች ዘረጋችላት። መልቀቂያዋ ነው፤ ሐሙስ ማምሻውን ተፈርሟል።

ፈጠነች ፊርማውን ደጋግማ አየች። የጮኸችባቸው በዚያው ቀን ጠዋት ነው።

«ሰኞ እደርሳለሁ ማለት ነው?»

«ሲስተር፣ ስለ ኢንሱሊኑ የምትመሰክሪው ዋናዋ ምስክር አንቺ ነሽ» አለች ማርያማዊት፣ ዐይኗን ከፋይሉ ሳታነሣ። «ችሎቱ እስኪያልቅ ከሶዶ አትወጪም።»