የሚንቦጫቦጨው ኮኮናት

«ወይ ጠጣው፣ ወይ ድፋው» አለ ፓሲንዱ።

ልጁ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። የውሃ ኮዳውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጣብቆ በሩ ላይ ቆሟል። የትምህርት ቤቱ ኮፍያ ሰፍቶት ጆሮው ድረስ ወርዷል።

«ውሃ ብቻ እኮ ነው፣ ወንድም ጋሼ። እናቴ ናት የሞላችልኝ።»

«አውቃለሁ። ፋብሪካ ያላሸገው ውሃ አይገባም፤ ሕግ ነው።»

ልጁ ሦስት ጊዜ ተጎነጨና የቀረውን መሬት ላይ ደፋው። ከዚያ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ምሳውን አቀበለ። ፓሲንዱ ቅጠሉን የፍተሻው ጠረጴዛ ላይ ፈታና ሩዙን በማንኪያ እጀታ ማማሰል ጀመረ። ከሩዝና ከዓሣ በቀር ምንም የለበትም፤ ምን ሊኖርበት ነው! ልጁ ግን የተማሰለ ምሳውን ሲቀበል ቀና ብሎ አላየውም። ፓሲንዱን ያናደደው ይሄ ነው። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

«ቀጣይ!» አለ አጠገቡ ያለው ቲሳራ። ሁለቱም የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ሁለቱም ክራባት አስረው፣ የተማሪ አለቃ ባጅ ነጭ ሸሚዛቸው ላይ ሰክተው፣ ከማለዳ ጀምሮ በስታዲየሙ የተማሪዎች በር ላይ ፀሐይ ሲፈጃቸው ቆይተዋል። ዓመቱን ሙሉ የሚጠበቀው የክሪኬት ግጥሚያ ነው፤ ሱመናዊራ ኮሌጅ የሚባለው የእነ ፓሲንዱ ትምህርት ቤት ከወንዙ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት ጋር። ከተማው ውስጥ በዚህ ቀን ሱቁን ዘግቶ የማይመጣ የለም። አጥሩ ላይ የተለጠፈው ዝርዝር ደግሞ ክንድ ያህላል፤ ጠርሙስ፣ ላይተር፣ ርችት፣ የባንዲራ እንጨት፣ ውስጡን የማያሳይ ቦርሳ፣ ከቤት የመጣ ውሃ ክልክል ነው።

ዝርዝሩ እንዲህ የረዘመው ዘንድሮ ነው። አምና በተማሪዎቹ ድንኳን ውስጥ ጠብ ተነስቶ አንድ ልጅ ጭንቅላቱን ተፈነከተ፤ ጠቡ ሲበርድ ከአንድ ወንበር ሥር የአረቄ ጠርሙስ ተገኘ። ወንበሩ የፓሲንዱ ታላቅ ወንድም የላክማል ነበር። ላክማል «ጠርሙሱን ከጎን ድንኳን ትልልቆቹ ሰዎች ናቸው የወረወሩት» ብሎ ማለ፣ ተገዘተ። ማን ይስማው? የመጨረሻ ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው ተባረረ። የስንብት ደብዳቤው ላይ የፈረሙት የሥነ ሥርዓት ኃላፊው መምህር አቤይኩን ናቸው። ይኸው አሁን ላክማል አውቶቡስ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ካንዲ! ካንዲ!» እያለ ወደ ካንዲ ከተማ የሚሄድ ተሳፋሪ ሲጠራ ይውላል።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» አለች እናታቸው ያን ቀን፣ እንባዋን እየዋጠች። ፓሲንዱ ባጁን ይዞ የመጣ ዕለት ደግሞ አስማለችው። «ፈተናህ ደርሷል። አፍህን ዘግተህ ጨርስልኝ። ሁለተኛ ልጅ አውቶቡስ ላይ አልሰቅልም።»

እሱም ማለ። በሩ በደንብ ከተጠበቀ እንደ ላክማል የሚባረር ልጅ አይኖርም ብሎ ከልቡ አምኖ ነው ባጁን የተቀበለው። ለዚህ ነው የሰውን ልጅ ውሃ ሲያስደፋ ያረፈደው።

የመለከትና የከበሮ ድምፅ ተሰማ። አንድ ሚኒባስ በሩ ድረስ ገብቶ ቆመ፤ ሰልፍ የያዙት ልጆች ወደ ዳር ሸሹለት። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ፣ ሆዳቸው ቀደም ቀደም ያለ ጎልማሶች እየዘፈኑ ወረዱ። የቀድሞ ተማሪዎች ናቸው፤ ድንኳናቸው ከተማሪዎቹ ድንኳን ጎን ስለሆነ በዚሁ በር ነው የሚገቡት። ከፊት ጋሽ ራትናዊራ አለ፤ የትምህርት ቤቱን አዲስ አዳራሽ ያሠራው ሰውዬ። ከኋላው ሁለት ሰዎች በቢጫ ኮኮናት የተሞላ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ተሸክመዋል።

ቲሳራ ተሽቀዳድሞ የብረት አጥሩን ወደ ጎን ሳበው።

«ቆይ» አለ ፓሲንዱ። «ሣጥኑ ይፈተሽ።»

ጎልማሶቹ ተያዩና ሳቁ።

«ኧረ ጉድ ፈላ! ፖሊስ መጣብን!» አለ አንዱ፣ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ እየተሽኮረመመ።

«ማሙሽ፣ ኮኮናት ነው» አለ ጋሽ ራትናዊራ። «አይተህ አታውቅም? ሙቀቱን ለመቻል ነው። በል አሳልፈን፣ ግጥሚያው ሊጀመር ነው።»

ፓሲንዱ ኮኮናት አያውቅም! አባቱ መስቀለኛ መንገዱ ላይ ኮኮናት እየቀደደ የሚሸጥ ሰው ነው። ፓሲንዱ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ጋሪ ላይ ሲጭን፣ ሲያወርድ ያደገ ነው። አንዱን ብድግ አደረገው። ከዘለላው የተቆረጠበት ቦታ ገና እርጥብ ነው፤ ዛሬ ጎህ ሲቀድ የወረደ ነው ማለት ነው። ጆሮው ጋ አስጠግቶ ነቀነቀው።

ኮኮናቱ ተንቦጫቦጨ።

ሌላ አነሳ፤ እሱም ተንቦጫቦጨ። ዛሬ የተቆረጠ ኮኮናት እስከ አፉ ጢም ብሎ ሙሉ ስለሆነ ብትነቀንቀው ድምፅ የለውም። የሚንቦጫቦጨው ወይ የሰነበተ ነው፣ ወይ ሰው የከፈተው ነው። አናቱ ላይ ያለችውን ቆብ በጥፍሩ ፈለቀቃት። ከሥሯ የጣት ያህል ቀዳዳ አለ፤ በሻማ ተደፍኗል። ሻማውን ሲጭረው የአረቄው ሽታ አፍንጫውን ሰነፈጠው።

የውሃ ኮዳው ልጅ ትዝ አለው። ከማለዳ ጀምሮ ያማሰላቸው ምሳዎች ሁሉ ትዝ አሉት። ደሙ እንዲህ ፈልቶ አያውቅም።

«ይሄ አይገባም» አለ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደው። «አረቄ ነው።»

«ቀስ በል እንጂ!» አለ ቲሳራ በሹክሹክታ፣ እጅጌውን እየጎተተ። «አብደሃል እንዴ? ጋሽ ራትናዊራ እኮ ናቸው! አላየንም እንበልና ይለፉ፣ ፕሊስ።»

«አይቻለሁ።»

«ወንድምህን ያየ እንዲህ አይቀብጥም ነበር።»

ፓሲንዱ ዞሮ አፈጠጠበት፤ ቲሳራ ቃሉ ካመለጠው በኋላ ደነገጠ። ይሄኔ መምህር አቤይኩን ክራባታቸውን እያስተካከሉ በጥድፊያ መጡ።

«ምንድን ነው እሱ? ለምን ቆማችሁ?»

«እኛ አይደለንም የቆምነው፤ አንተ ያሰለጠንከው ጄኔራል ነው ያቆመን» አለ ጋሽ ራትናዊራ። ከመምህሩ ጋር አብሮ አደግ ናቸው።

መምህሩ ወደ ሣጥኑ አላዩም። ፓሲንዱ ልብ ያለው ይሄንን ነው። ሰው ጠብ ተነሳ ሲሉት መጀመሪያ የጠቡን ምክንያት ያያል። እሳቸው ግን ሰማዩን አዩ፣ በሩን አዩ፣ ሰልፉን አዩ፤ ሣጥኑን ብቻ አላዩም።

ፓሲንዱ ሻማው የተነሳለትን ኮኮናት ለትልቅ ሰው እንደሚሰጥ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ አቀረበላቸው።

«ሙቀቱ ከባድ ነው፣ መምህር። ይጠጡ።»

እሳቸው በየእሁዱ በከተማው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ልጆች ሰብስበው ስለ አረቄ ክፋት የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። በሁለት እጅ የቀረበ ነገር አልቀበልም ማለትም ነውር ነው። ተቀበሉት። ሽታው እንደደረሳቸው ፊታቸው ላይ ታየ። ሰልፉ ላይ ያሉት ልጆች ዝም ብለው ያያሉ፤ ልጆቻቸውን ያመጡ ሁለት እናቶችም ዝም ብለው ያያሉ።

«ጠጣው እንጂ፣ አቤይ!» አለ ከጎልማሶቹ አንዱ፤ ሌሎቹ በሳቅ ፈረሱ።

መምህሩ አልጠጡም። ፓሲንዱን በክንዱ ይዘው አንድ እርምጃ ፈቀቅ አደረጉት።

«ልጄ፣ ስማኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጎበዝ ልጅ ነህ። ግን ሁሉ ነገር እንደ ሕጉ አይሄድም። እንግዶች ናቸው። ለዛሬ ብቻ።»

«ለትንንሾቹ ውሃ ለምን ለዛሬ ብቻ አልተባለም?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ የሆነው?»

ጋሽ ራትናዊራ ሰዓቱን አየና ትዕግሥቱ አለቀ። «አሁንስ በዛ! ዛሬ የተጀመረ ነገር አስመሰላችሁት እኮ። አምናም በዚህ በር፣ በዚህ ሣጥን ጠርሙሱን ይዘን አልገባንም? አቤይ፣ አንተው አልነበርክ ያስገባኸን? ጠርሙስ ይታያል ብለህ ስታለቃቅስ ነው ዘንድሮ በኮኮናት ያመጣነው። በል ንገረውና ይልቀቀን!»

መምህር አቤይኩን አንገታቸውን ደፉ። ጫማቸውን ነበር የሚያዩት።

ፓሲንዱ ለአፍታ የሰማውን አላመነም። ከዚያ ነገሩ አንድ በአንድ ገባው። አምና ጠርሙሱ በየት እንደገባ እኚህ ሰው ያውቃሉ። ላክማል ቢሯቸው ውስጥ ቆሞ ሲምል ያውቁ ነበር። እናቱ እግራቸው ላይ ወድቃ ስትለምን ያውቁ ነበር። እያወቁ ብዕራቸውን አነሱና ፈረሙ። የሚያውቃቸውን ስድብ ሁሉ እላያቸው ላይ ሊያወርድባቸው ፈለገ።

«ፓሲንዱ» አሉ መምህሩ። «በኋላ እናወራለን። አሁን ከመንገድ ዞር በል።»

«ላክማል እንዳልሆነ ያውቁ ነበር?»

«በኋላ አልኩህ!»

ሁለቱ ሰዎች ሣጥኑን ለማንሳት ጎንበስ አሉ። ፓሲንዱ የእናቱን መሐላ አሰበ፤ አፍህን ዘግተህ ጨርስልኝ ያለችውን። የአሥራ አንደኛ ክፍል ፈተናው አምስት ወር ነው የቀረው። ባይናገር፣ ዞር ቢል፣ ነገ ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቀጥላል። ላክማልም አውቶቡሱ በር ላይ ይቀጥላል።

ሄዶ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ኮኮናቶቹ ጎርበጥ ጎርበጥ አሉት።

«ተነስ» አሉ መምህሩ።

«አልነሳም። ካስገባችሁት እኔንም አብራችሁ ተሸክማችሁ አስገቡኝ።»

«ኧረ ይሄ ልጅ!» አለ ጋሽ ራትናዊራ። «አንሱትና ወዲያ በሉልኝ!» ሁለቱ ተሸካሚዎች ግን ተያይተው ቆሙ። ሰልፉ ረዝሟል፤ ከእናቶቹ አንዷ ስልኳን አውጥታ ይዛለች፤ ልጆቹ ወደ ፊት ተጠግተዋል። ቲሳራ አጥሩን እንደያዘ ቀርቷል፤ ሊከፍተውም ሊዘጋውም አልቻለም።

መምህር አቤይኩን ፊታቸው ቀላ። ኮኮናቱን እስካሁን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ናቸው፤ የት እንደሚያስቀምጡት የጠፋቸው ይመስላሉ።

«ባጅህን ታስረክባለህ። ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ወላጅ ይዘህ ትመጣለህ! ገባህ?»

«ገብቶኛል፣ መምህር» አለ ፓሲንዱ። ድምፁ አሁን አልተንቀጠቀጠም። «ወላጅ አላመጣም። ላክማልን ነው ይዤ የምመጣው። አሁን የሰማሁትን ለሱ ይንገሩት።»



ከስታዲየሙ ውስጥ ከበሮው ደመቀ፤ ከዚያ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ግጥሚያው ተጀምሯል። ማን እንደወጣ፣ ማን እንደመታ ከበሩ ላይ አይታይም። ሰልፉ ላይ ያሉት ልጆች እየተንጠራሩ ከአጥሩ በላይ ለማየት ታገሉ። ፓሲንዱ ዞሮ አላየም። ባጁን ከሸሚዙ ላይ ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ሣጥኑ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ።