የከንቲባው መርከብ ሆድ

ፍሰሐ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ባለው የቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ፣ ከሥጋው ትሪ አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ ሞተ። ያስመለሰው ነገር በነጭ ሸሚዙ ላይ ደርቆ ይሸታል። መርማሪ ብሩክታይት አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ሬሳውን ዞረችው። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

ከበላዩ ከፈረንሳይ የተሰደደው ፕሮቴስታንት፣ ባለመርከቡ የከተማዋ የጥንት ከንቲባ ኢሳክ ላፎሬ በሥዕል ሆኖ ፈገግ ብሏል። እሑድ አዳራሹ በስሙ ሊሰየም ነው። ሐሳቡን ያመነጩት ሽማግሌው ጋሽ አበጀ ናቸው። እሳቸው እንደሚሉት ከንቲባው ለእምነቱ በሰንሰለት ታስሮ፣ ሰንሰለቱን በጸሎት አቅልጦ፣ መንገድ የዘጋበትን ዓሣ ነባሪ ገሥጾ ነው አሜሪካ የገባው። ዓሣ ነባሪውም ንስሐ ገብቷል። ሳይጠመቅ የቀረው ውኃ ውስጥ ስለሚኖር ብቻ ነው።

«ከአንድ ትሪ ነው የበላነው» አለች የመዘምራኑ መሪ ሮዳስ። «እኛ ምንም አልሆንንም። ናይን ዋን ዋን ኮል አደረግን፤ አምቡላንሱ እስኪደርስ አለቀ።»

«በዚህ እጁ እንዴት በላ?»

«አጎረስነዋ! እኔም፣ ያሬድም፣ ጋሽ አበጀም።»

«እጁን የቆረጠው ትናንት ያቺን ሲከፍት ነው» አለ ያሬድ፣ የሟቹ የእህት ልጅ፤ የከንቲባው ዘሮች ለአዳራሹ የሰጡትን ትንሽ የእንጨት መርከብ እያሳየ። «ምን እንዳየ ለኔ አልነገረኝም። ‹እሑድ በሁሉም ፊት አወጣዋለሁ› ብሎ ለጋሽ አበጀ ሲደውል ግን ሰምቻለሁ።»

«ስንት ስንት አጎረሳችሁት?»

«ሁለት ሁለት ነዋ!» አለች ሮዳስ። «ጋሽ አበጀ ግን አንድ እንዳጎረሱት ‹ስልኬ ጠራ› ብለው እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። ተመልሰው እኔን አጎረሱኝ። ሁለተኛውን እምቢ ብል ‹አንድ ጉርሻ ያጣላል› ብለው ግድ አሉኝ።»

የላቦራቶሪው ውጤት እንደመጣ ብሩክታይት ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች።

«ትሪው ንጹሕ ነው። መርዙ ያለው በሟቹ አፍና ሆድ ውስጥ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በጉርሻ ነው የገባው። ጋሽ አበጀ፣ ሮዳስን አንድ ያጣላል ያሉ ሰው ፍሰሐን ለምን በአንድ ተዉት?»

«ስልክ ጠርቶ…»

«ስልክዎን አይተነዋል፤ ማንም አልደወለም። መርዝ የነካ እጅዎን ሊታጠቡ ነው የተነሡት።»

«ምን አድርጎኝ ነው የምገድለው?»

ብሩክታይት የትንሿን መርከብ ወለል በሰንጢ ፈለቀቀች። «ማስቲሹ አዲስ ነው። መልሰው ሲያሽጉት የአውራ ጣትዎ አሻራ ቀርቶበታል።»

በሆዷ ውስጥ ጥቋቁር የእንጨት ሰዎች እንደ ሰርዲን ተደርድረው ተጋድመዋል፤ ቁርጭምጭሚታቸው በሽቦ ታስሯል። ያሬድ ምራቁን ተፋ።

«ዘመኑ ነው!» ጮኹ አበጀ። «ያን ጊዜ በባሪያ ያልነገደ ማን አለ? ስሙን እዚህ ሕዝብ ልብ ውስጥ የተከልኩት እኔ ነኝ!»

«ሰንሰለት በጸሎት ያቀልጣል አላሉም?» አለች ብሩክታይት ካቴናዋን እያወጣች። «የነዚህን ለምን አላቀለጠውም?»

ሮዳስ አፏን ያዘች። «በዚያው እጅ…» አለች፤ «በዚያው እጅ ሁለት ጊዜ…»

ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሮጠች። ስታስመልስ እስከ አዳራሹ ይሰማል።

አበጀ ቅር ብሏቸው ከኋላዋ ተጣሩ፦ «ልጄ! አንቺንማ ታጥቤ እኮ ነው ያጎረስኩሽ!»