ልብ ያሰፋል

ልብስ ሰፊዋ መዋኛው ዳር ካለው ወንበር ላይ ስትቀመጥ እንቅልፍ ይጥላታል። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ሲያጎነብስ የዋለ ወገብ፣ ሞቅ ያለ፣ ክሎሪን ክሎሪን የሚል አዳራሽ ሲገባ ሌላ ምን ያድርግ? ልጆቹ እየተንቦጫረቁ፣ ውሃው ጣሪያው ላይ እያብረቀረቀ፣ ዐይኗ ክድን ይላል። ስትነቃ ጉልበቷ ላይ ደረቅ ፎጣ ታገኛለች። ማን እንዳለበሳት አትጠይቅም። እሱም አይናገርም።

እሱ አሰልጣኙ ነው። ገና ሳይነጋ አዋቂዎችን ሲያስተምር ይጀምርና ማታ በልጆች ይጨርሳል። ዐይኑ ከውሃው የተነሳ ሁልጊዜ ቀይ ነው፤ የማያውቀው ሰው ማን ሞተብህ ይለዋል። ልጆቹ «ፊሽካ» ብለው ስም ያወጡለት፣ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ፊሽካ ነፍቶት ስለማያውቅ ነው። ለምን እንደማይነፋው ብትጠይቀው፣ መንፋት ያለባቸው እነሱ ናቸው አላት። ጀማሪ ሁሉ ትንፋሹን አፍኖ ውሃ ይገባል፤ እሱ ግን ውሃው ውስጥ ቀስ አድርገው እንዲያወጡት ነው የሚያስተምረው። ያላወጣ አያስገባም ይላል።

የምታመጣት ልጅ ሚጢ፣ የሟች እህቷ ልጅ ናት። ሳንባዋን ታማ ከተነሳች ወዲህ ደረጃ አልወጣልሽ ቢላት፣ ሐኪሙ ዋና ይሞከር አለ። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሚጢ ሁለተኛው ጋ ስትደርስ ቁጭ ትላለች፤ አያቷም «እኔም ደክሞኛል» ብለው አጠገቧ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ላይ ለልጅቱ ብለው ነበር።

ወራት አለፉ። ልብስ ሰፊዋና አሰልጣኙ ስለ ሚጢ ትንፋሽ እያወሩ «እርስዎ» መባባላቸው «አንተ» እና «አንቺ» ሆነ፤ መቼ እንደሆነ ሁለቱም አያስታውሱም። የተቀደደ ፎጣውን ሰፍታ ስትሰጠው፣ ጠርዙን በጣቱ እየዳበሰ ብዙ ዝም አለ። ያን ዝምታ ይዛው ቤቷ ገባች።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ የሙሽራ ቀሚስ ስትሰፋ ስለቆየች፣ ሚጢን አያቷ፣ የልብስ ሰፊዋ እናት፣ ሊወስዷት ሄዱ። አሰልጣኙ ደስታው ፊቱ ላይ እየታየ ተቀበላቸው።

«እማማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ዋና ልብ ያሰፋል፤ የሚጢም እየሰፋ ነው።»

አሮጊቷ ሚጢን ከውሃው አስወጧት። ፀጉሯ እንደራሰ እጇን ይዘው ወጡ።

ልብስ ሰፊዋ ቤት ስትገባ ቆመው ጠበቋት። «ያ አሰልጣኝ የሚጢ ልብ እየሰፋ ነው ይለኛል! እህትሽ ስትታመም ምን ነበር ያሉን? ልቧ ሰፍቷል ብለው አይደል?»

«እማዬ፣ እሱ እኮ…»

«እሱ እኮ፣ እሱ እኮ! ያንቺን ልብ ወስዷል፤ ይውሰድ። የልጅቱን ግን አልሰጠውም።»

ግማሹ እውነት ነበር። ግማሹም አስፈራት፤ እናቷ ያን ቃል ከሐኪሙ አፍ ሲሰሙ እሷም አጠገባቸው ነበረች። ሌሊት ተነስታ የሚጢን አተነፋፈስ ታዳምጥ ጀመር። ወደ መዋኛው መሄድ ቀረ።

ሰንብቶ አሰልጣኙ ማንገቻው የተበጠሰ ቦርሳ ይዞ ሱቋ መጣ። ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ይሄ በመቀስ የተቆረጠ ነው።»

«ሌላ ሰበብ አጣሁ» አለ።

ነገሩን ስትነግረው የክር ጥቅል የሞላበት ሳጥን ላይ ቁጭ አለ። «የእህትሽ ልብ ደክሞ ነው የተለጠጠው» አላት። «የሚጢ ግን እየበረታ ነው። ባንድ ምት ብዙ ደም ይገፋል፤ ስለዚህ አይጣደፍም። ቃሉን ሳልመርጥ ተናገርኩ።» ደግሞም እኔን አትመኑኝ፣ ሐኪም ይስማት አለ። ቦርሳውን ሰፋችለት።

ሐኪሙ ሚጢን አዳመጣት። ልቧ ጤነኛ ነው፣ ተረጋግቶ ይመታል፣ ትንፋሿም ከበፊቱ ረዝሟል አለ። አሮጊቷ ከክፍሉ ሲወጡ፣ «ሐኪምማ ያኔም ነበረ» ብለው አጉረመረሙ።

ቤት ሲመለሱ ሁለተኛው ፎቅ ላይ እንደለመዱት ቁጭ አሉ። ለልጅቱም ቦታ ተዉላት። ማንም አልተቀመጠም። ከላይ ዘፈን ተሰማ፤ ቀጥሎም የሚጢ ድምፅ መጣ።

«አያቴ፣ ወርጄ ልደግፍሽ?»

አሮጊቷ ጎናቸው ያለውን ባዶ ደረጃ በእጃቸው ዳሰሱት። «ተመስገን» አሉ ቀስ ብለው። «ለካ ብቻዬን ነው የምደክመው።»

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ የሚጢን የዋና ልብስ ደረቱ ላይ ለቀቅ አደረገችው፤ ጠቧት ነበር። መዋኛው ድረስ ግን ይዘዋት የሄዱት አሮጊቷ ራሳቸው ናቸው፤ አሰልጣኙንም ጠሩት።

«ስማኝ፣ ልጄ። ከዛሬ ጀምሮ ‹ልብ ያሰፋል› አትበል። ‹ያበረታል› በል።»

«እሺ፣ እማማ።»

ልብስ ሰፊዋ ከሥራ ወጥታ ስትደርስ እናቷ ሌላኛው ጥግ ሄደው ተቀምጠዋል፤ የሚያዩት ውሃውን ብቻ እንደሆነ ለማስመሰል እየጣሩ። እሷም ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። አሰልጣኙ ፎጣውን ሲያለብሳት፣ ዛሬ ዐይኗ አልተከደነም።

«ይገርማል» አለችው። «እኔ ልብስ እሰፋለሁ፣ አንተ ልብ ታሰፋለህ።»

«‹ያበረታል› በል ተብያለሁ።»

ሳቅ አለች። አጠገቧ ተቀመጠ። ሚጢ ፊቷን ውሃው ውስጥ ደፍታ ትንፋሿን ስታወጣ አረፋው ይታያቸዋል።

«ደክሞኛል» አለ፣ ዐይኑን ከአረፋው ሳያነሳ።

«እኔም።»

«መድከሙን እችለዋለሁ። ለብቻ መድከም ነው የሰለቸኝ። አብረን ብንደክምስ?»

እንደ ጀማሪ ትንፋሿን አፍና ይዛው ነበር። ኋላ ላይ እሱ ለልጆቹ የሚለው ትዝ አላት፤ ያላወጣ አያስገባም። ቀስ አድርጋ ለቀቀችው፤ «እሺ» የሚለውም አብሮ ወጣ።