የአርባ አንድ ሰው ደረት

ሟቹ ከመሰላሉ ሥር በጀርባው ተዘርግቶ፣ እግሩን ገጥሞ፣ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ጸጥ ብሎ ነበር የተገኘው።

መርማሪው ጉልበቱን እያሻሸ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ጡረታ ሊወጣ አራት ወር ቀርቶታል። ከእሱ በኋላ የተቀጠሩት ሁሉ አለቃ ሆነዋል፤ እሱ ግን ዛሬም ሬሳ ሥር ቁጢጥ ይላል። ጠዋት የደወለለት አለቃው በዕድሜ ልጁ ይሆናል። «የድሮው የስደተኞች መቀበያ ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወድቆ ሞቷል። አንተ ሰፈሩን ታውቀዋለህ» ነበር ያለው። ሰፈሩን ታውቀዋለህ ማለት ከየት እንደመጣህ አልረሳነውም ማለት ነው። ይህንኑ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በየዓይነቱ ጨዋ አነጋገር ሲነግሩት ኖረዋል።

እውነትም ያውቀዋል። በሰባት ዓመቱ የአባቱን ኮት ጫፍ ይዞ በዚሁ በር ነው የገባው። ያኔ ከመርከብ የወረደ ሁሉ እዚህ ይታጠባል፣ ይመዘገባል፣ ደረቱን ራጅ ይነሣል። ሳንባው ንጹሕ የሆነ ወደ ከተማው፤ የታመመ በመጣበት መርከብ ወደ መጣበት። ቤቱ ከተዘጋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። አሁን የስደተኞች ቤተ መዘክር ሊያደርጉት ግድግዳውን ቀብተው ለቅዳሜ ምረቃ ይሯሯጣሉ። ሟቹ የቤቱ የድሮ መዝጋቢ ነበር። በሰማንያ አራት ዓመቱ፣ ማንም ሳይቀጥረው፣ ፋይሎቹን ሌላ ሰው እንዳይነካቸው ብሎ በየቀኑ ይመጣ ነበር።

ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ቆቡን ያሻል።

«የነካኸው ነገር አለ?»

«እኔ ሬሳ አልነካም ጌታዬ። ከፈትኩ፣ አየሁ፣ ሮጥኩ።»

«ትናንት ማን ማን ገባ?»

«ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰው ብቻ። የቤተ መዘክሩ ኃላፊ፣ የማዶው ዳቦ ጋጋሪና ድሮ እዚህ ትሠራ የነበረችው አሮጊቷ ነርስ። ለየብቻ ነው የገቡት። ማን መጨረሻ እንደወጣ ግን አላየሁም።»

«የት ሆነህ?»

«ዘብ ላይ።»

«ተኝተህ?»

«ተቀምጬ።»

መርማሪው ወደ ሬሳው ዞረ። የተሰበረው የጭንቅላቱ ኋላ ነው። ደሙ ያለው ግን ከመሰላሉ ራቅ ብሎ፣ የብረት መደርደሪያው ማዕዘን ላይ። መነጽሩ ከነማኅደሩ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። የቀኝ እጅጌው እንደተቆለፈ ነው፤ የግራው ቁልፍ ተፈትቶ ሁለት ጊዜ በሥርዓት ተጣጥፏል።

ጠረጴዛው ላይ አርባ አንድ የራጅ ፖስታዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ባዶ። በዚህ ቤት ስም አይታመንም ነበርና ፖስታው ላይ የሚጻፈው የመርከቡና የአልጋው ቁጥር ነው፤ ስም ያለው ፊልሙ ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። በዚህ ያለፈ ሰው የሠርጉን ቀን ይረሳል እንጂ ይህን ቁጥር አይረሳም። መርማሪው ፖስታዎቹን እያገላበጠ አሥራ ዘጠነኛው ላይ እጁ ቆመ። አምስተኛ መርከብ፣ አልጋ ሁለት መቶ ስድስት። የአባቱ ነው። አባቱ መንገዱን ሙሉ ደም ሲተፋ መሐረቡን የሚደብቅለት እሱ ነበር። እዚህ ሲደርሱ ግን «ንጹሕ» ተባለ። እናቱ ተአምር ነው ብላ እስክትሞት ታምን ነበር።

ፖስታውን መሐል ላይ መልሶ ከተተው። መደርደሪያው ሥር ሲያጎነብስ አንድ ፊልም ሸርተት ብሎ ገብቶ አገኘ፤ የማያውቀው ሰው ስም ያለበት ደረት ነው። በግራ ጎን አንዱ አጥንት ተሰብሮ ጠማማ ገጥሟል። ኮቱ ውስጥ ሸሸገው።

ኃላፊዋ ቀለም በሚሸት ቢሮዋ ተቀበለችው።

«ተጨቃጭቀን ነበር፤ አልደብቅም» አለች። «ግድግዳው ላይ ራጅ ልሰቅል ነው፣ መብራት ያለው ሰሌዳ አምጪ ብሎ አዘዘኝ። የማን ራጅ ነው ስለው፣ ቅዳሜ ማን እንዳታለለን አገር ያያል አለኝ። ለኢሚግሬሽንም ከዚያው እሰጣለሁ ይላል።»

«ለማን ነገረ?»

«ለማንም። ሰው መቼ ያምናል? እንዲያው… ይሄ ነገር ምረቃውን ያዘገየዋል?»

«ሟቹን ይጠይቁ» አለና ወጣ።

ዳቦ ጋጋሪው ከመንገዱ ማዶ በካናቴራ ሆኖ ሊጥ ይመታል። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ክንዱ ግን የወጣት ነው። በግራ ጎኑ ላይ ቡጢ የሚያስገባ ጉድጓድ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?»

«በልጅነቴ በቅሎ ረግጣኝ ነው።»

መርማሪው ፊልሙን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ያዘው። ዳቦ ጋጋሪው እጁን ከሊጡ ሳያወጣ ፊልሙን አየ።

«እንግዲህ ምን ልበልህ» አለ። «ወረቀቴ እስኪያልቅ ስድስት ወር በመቀበያው ወጥ ቤት ጋግሬያለሁ። ነርሷ ትመጣና ደረትህን አውሰኝ ትለኛለች። ሄጄ ራጁ ፊት እቆማለሁ። በማን ስም እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ሳንባ ማዋስ አያጎድል።»

«ሽማግሌው ደረሰበት?»

«ትናንት ጠርቶ፣ አርባ አንድ ፊልም ላይ ይችኑ ጎን አየሁ፣ ሸሚዝህን አውልቅ አለኝ። ያኔ ያስወለቅከኝ ይብቃህ ብዬው ወጣሁ። ከዚያ ሄጄ ለእሷ ነገርኳት።» ዱቄቱን ከእጁ አራገፈ። «ሕጉን ከኔ የበለጠ ታውቀዋለህ። በሐሰት የገባ ሰው ዜግነቱ ይነጠቃል፤ በሱ ስም የገቡት ልጆቹም እንደዚያው። አርባ አንድ አባወራ ነው ወንድሜ። አንተም ብትሆን ማን እንደሆንክ እናውቃለን፤ አባትህ ደንበኛዬ ነበር።»

መርማሪው ፊልሙን ኮቱ ውስጥ መለሰ።

የነርሷ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ሲጨርስ ትንፋሹ ተቆርጦ በሩን ተደግፎ ቆመ። አሮጊቷ ምንም ሳትጠይቅ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። የግራ እጅጌውን ቁልፍ ፈትታ፣ ሁለት ጊዜ አጥፋ፣ ጣቶቿን አንጓው ላይ አሳርፋ የግድግዳ ሰዓቷን ማየት ጀመረች።

«ልብህ ደክሟል ልጄ።»

«እኔም ደክሞኛል እማማ።»

ሌላ ነገር አልጠየቃትም። «ከሰዓት በኋላ እዚያ ይምጡ» ብሏት ወረደ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱም ከዘበኛው ጋር ፋይል ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነሥቷል። ጠረጴዛው ባዶ ነው፤ አርባ አንዱን ፖስታ መርማሪው ራሱ በየቁጥራቸው መልሶ ከሺዎቹ ጋር ቀላቅሏቸዋል።

«ሰውየው ከመሰላል አልወደቀም» አለ። «ያለ መነጽር የራሱን ጽሕፈት የማያነብ ሰው መነጽሩን ኪሱ ከቶ መሰላል ላይ ምን ሊፈልግ ይወጣል? ደሙም ያለው ከመሰላሉ ራቅ ብሎ ነው። መሬት ላይ ቆሞ ሲነጋገር ተገፋ፤ ብረቱ መታው። መሰላሉ በኋላ ነው የቀረበው።»

«ማን?» አለች ኃላፊዋ።

«ሦስታችሁም ከእሱ ጋር ተጣልታችኋል፤ ስለዚህ ጠቡን ተውኩት። የወደቀ ሰው ስታዩ ምን ታደርጋላችሁ? እርስዎ ስልክ ያነሡ ነበር። ጋሼ ሰውየውን ይንጡት ነበር። ዘበኛው ይሮጣል፤ ሮጧልም። ይህን ሰው የገፋው ግን አጠገቡ ተንበርክኮ፣ የግራ እጅጌውን ፈትቶ፣ ሁለት ጊዜ አጥፎ፣ የልቡን ምት ቆጥሯል። አለመኖሩን እስኪያረጋግጥ ቆጥሯል። ይህን ያደረገችው እጅ ዛሬ ጠዋት የኔንም እጅጌ አጥፋለች።»

ሁሉም ወደ አሮጊቷ ዞሩ። እሷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

«ሙሉ አምስት ደቂቃ ቆጠርኩ» አለች። «ይነሣል ብዬ ነበር።»

«ግን ለምን?» አለች ኃላፊዋ።

አሮጊቷ መርማሪውን አየችው። እሱም አያት። ቤቱ ውስጥ የቀለም ሠራተኞቹ ሣቅ ከሩቅ ይሰማል።

«በስኳር ነው» አለች ቀስ ብላ። «ሥራ በጀመርኩ ዓመት የሕሙማን ስኳር ሰረቀች ብሎ መዝግቦኛል። ሰርዘው አልኩት። የተጻፈ አይሰረዝም አለኝ። ገፋሁት።»

«በስኳር? ከሃምሳ ዓመት በኋላ?»

«ከሃምሳ ዓመት በኋላ» አለ መርማሪው። ይህን ሲል አልዋሸም። ቂም ስንት ዓመት እንደሚቆይ ከዚያ ክፍል ውስጥ እሱን የሚያህል አዋቂ አልነበረም።

«ሊሰቅላቸው የነበሩት ራጆችስ?»

«እኔ ያገኘሁት ባዶ ፖስታ ነው። እንደዚያው ጽፌዋለሁ።»

አሮጊቷን ክንዷን ይዞ ወደ መኪናው ሲወስዳት፣ አፏን የከፈተች ሳይመስል፣ «አልጋዬ ሥር» አለች። የቤቷን ቁልፍ መዳፉ ውስጥ ትታለት ገባች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መርማሪውና ዳቦ ጋጋሪው ከምድጃው ፊት ለፊት ተቀምጠው ፊልሞቹን አንድ በአንድ ያቃጥላሉ። ዳቦ ጋጋሪው እያንዳንዱን ከመጣሉ በፊት ወደ እሳቱ ብርሃን ይዞ ያያል።

«እንዴት ያለ ሳንባ ነበረኝ» አለ። «አሁን እኮ ደረጃ አይወጣም።»

«ጋሼ፣ ቶሎ ቶሎ ይበሉ።»

«ሰውየው ያሳዝነኛል። በስኳር ሞተ ሊባል ነው።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ መርማሪው። «እሱ በሕይወቱ አንድ መስመር ዋሽቶ አያውቅም። የእሱን ሥራ በወጣትነቴ ቢሰጡኝ እኔም እንደሱ እሆን ነበር።»

ክምሩ ሲያልቅ አንዱ ብቻ ጉልበቱ ላይ ቀረ። ጠርዙ ላይ የአባቱ ስም በነጭ ቀለም ተጽፏል። ከስሙ በታች ያለው የሃያ አንድ ዓመት ጎረምሳ ደረት ነው፤ ሰፊ፣ ንጹሕ።

«አስቀምጠው» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «አንዱ ምን ያደርጋል?»

መርማሪው ጥቂት አየው።

«አባቴ አይደለም እኮ» አለና ወደ ምድጃው ዘረጋው። ጫፉ እስኪሟሟ ድረስ ግን ከጣቶቹ ሊለቀው አልቻለም፤ ዳቦ ጋጋሪው ነው እጁን ይዞ ያስለቀቀው።